ነጩን የዘለለ እጅ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟች መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠች ግንባሯን የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ደፍታ ነበር። ትከሻዋ ላይ አሮጌ ፎጣ፣ ፀጉሯ ላይ ያልታጠበ ጥቁር ቀለም። ከንፈሯ አብጧል። ሐኪሙ አንድ ጊዜ አይቶ፣ «ቀለሙ አልተስማማትም፤ ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሽ አጥታለች» አለና ቦርሳውን ዘጋ።

በፀጉር ቀለም ሰው ይሞታል ቢባል ማን ያምናል? መርማሪዋ ግን የራሷን ሽበት በየወሩ ቤቷ ውስጥ የምትደብቅ ሴት ስለሆነች አልተገረመችም። ጎንበስ ብላ የሟችን ማጅራት ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቆሻሻ መጣያውን ገልብጣ ከቀለሙ ካርቶን ጋር የተጣለ አንድ ጥንድ ስስ ጓንት አወጣች። የቀኙ መሃል ጣት ተቀዷል።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ባልየው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ እሑድ የምትዳረው ልጃቸውና ፀጉር ሠሪ የሆነችው የሟች ታናሽ እህት። ሁለት ፖሊሶች ፀጉር ሠሪዋን ይዘው ለመሄድ በር ላይ ቆመዋል።

«እሷ ናት» አለች ልጅቱ። «አምና እማዬ እሷ ጋ ተቀብታ ጭንቅላቷ አብጦ ሆስፒታል ገብታ ነበር። እማዬ ትከሻዋን ያማታል፤ እጇ ወደ ኋላ አይደርስም። ታዲያ ማን ይቀባታል?»

«ቅቢኝ አለችኝ፣ እምቢ አልኳት» አለች አክስትየዋ። «‹በልጄ ሠርግ አሮጊት መስዬ ፎቶ ልነሳ?› ብላ አለቀሰች። እኔ አልነካሽም፣ ሌላ ፈልጊ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«ሱቅ ነበርኩ፣ ልጄ» አሉ ልብስ ሰፊው። መርፌ እንዳይወጋቸው መሃል ጣታቸው ላይ የሚያጠልቋትን የብረት ቆብ ሳያወልቁ ነበር ለለቅሶ የተቀመጡት።

መርማሪዋ ወንበር ስባ መሃላቸው ተቀመጠች።

«እስቲ አንቺን ልጠይቅሽ» አለች ፀጉር ሠሪዋን። «ፀጉሩ ከታች የድሮ ቀለም አለው፣ ሥሩ ነጭ ሆኖ አድጓል። ከየት ትጀምሪያለሽ?»

«ከነጩ ነዋ። ቀለም የሚፈልገው እሱ ነው። የታችኛውን መጨረሻ ላይ ትንሽ አስነካዋለሁ።»

«የእህትሽ ማጅራት ላይ ግን ነጩ እንዳለ ነው። ቀለሙ የተቀባው የድሮው ቀለም ላይ ብቻ ነው፤ ከቆዳዋ አንድ አውራ ጣት ርቆ፣ ዙሪያውን እኩል። የሚያስፈልገውን ትቶ የማያስፈልገውን የሚቀባ ማነው? ቆዳዋን ለመንካት የፈራ ሰው ነው። ሊገድላት የፈለገ ቢሆን ሥሩን ይቀባው ነበር።»

ልጅቱ ቀና አለች። «ታዲያ እንዴት ሞተች?»

«ከፊት ሥሩ ተቀብቷል። ግንባሯ ድረስ ተለቅልቋል፤ የራሷም ጣቶች ጠቁረዋል። በመስታወት የሚታያትን፣ እጇ የደረሰበትን ያህል ብቻዋን ጨረሰችው። ጓንቱን ግን ሌላ ሰው ተጠቅሞበት ሄዷል፤ መሃል ጣቱም ላይ ተቀዶበታል። እንዲህ እኩል ለክቶ ጠርዝ የሚተው እጅ ደግሞ እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው። ጋሼ፣ ያቺን ቆብ ያውልቋት።»

ልብስ ሰፊው አወለቋት። ጥፍራቸው እስከ ሥሩ ጥቁር ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ ለመነችኝ» አሉ። «ቆዳዋን ካልነካ ምን ያደርጋታል አልኩ። ሥሩን ተይው፣ ሻሽ ታስሪበታለሽ አልኳት። እሺ አለች። ‹አንተ ሂድ ሱቅህን ክፈት፣ እኔ እታጠባለሁ› አለችኝ። ሄድኩ።»

«አክስቴን ሊወስዷት ሲሉ ዝም አልክ» አለች ልጅቱ።

«እንዳትጠዪኝ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ መርማሪዋ ዘረጉ።

«እሰሪኝ በቃ።»

«በምን ልሰርዎት፣ ጋሼ? እዘንልኝ ብላ ያስቸገረችዎትን ሚስትዎን ራርተው ቀቡ። ለዚህ የሚሆን ክስ የለኝም።»

ሃያ ዓመት ስትመረምር ጥፋተኛውን አግኝታ እንዲህ እጇ ባዶ የቀረበትን ቀን አታስታውስም። ፖሊሶቹን በዓይኗ ሂዱ ብላ አሰናበተቻቸው። ልጅቱ ተነስታ የአክስቷን ክንድ ያዘች፤ አባቷን ሳታይ ይዛት ወጣች። በሩ ተዘጋ።

ሽማግሌው የተዘረጉ እጆቻቸውን ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«እሺ፣ አሁን የት ልሂድ?» አሉ።

መርማሪዋ ከወንበሯ ተነሳች።

«ይሄ እኮ ቤትዎ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው።