የትሩዲ ይቅርታ

«እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አላት አባቷ ጋራዥ ውስጥ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዴሊያ ደገመችለት። ፒክአፑን የምትነዳው እሷ ነበረች፤ ፀሐይዋ ዓይኗ ውስጥ ገባች፤ ጓደኛዋን ትሩዲን አላየቻትም። ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ውሸት ነውና ምላሷ ላይ አልከበዳትም። 

«ጎሽ» አለ አባቷ ጊል። «ሳሎን ያለችው ሴትዮ ጠበቃ ናት። እናትሽን ለመጣል አልመጣችም፤ ኋላ ሴናተሩ ላይ ጉድ እንዳይወጣ ነው የምትጠይቀው። ያኔ ለፖሊሱ ያልሽውን ትነግሪያታለሽ፣ አለቀ።»

«አባዬ፣ ያኔ የአገረ ገዥነቱ ምርጫ ይለፍና ለእማዬ እነግራታለሁ ብለህ ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር።» የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። «አሁን ለምክትል ፕሬዝዳንትነት የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ዴልዬ። እሷና ያ ጡረተኛ ጄኔራል። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣላትም። እባክሽን የኔ ልጅ።»

አባት ልጁን ሲለማመጥ ማየት ያሳፍራል። ዴሊያ ብትቆጣው ይሻላት ነበር። አንጀቷን ስለበላት ግን መቆጣቱንም አልቻለችበትም።

እናቷ ሎርና የክፍለ ግዛታቸው አገረ ገዥ ናት። ለፕሬዝዳንትነት የሚወዳደረው ሴናተር ደግሞ በቆሎን ሲኒማ ቤት በፈንዲሻ መልክ ካልሆነ አይቶ የማያውቅ የባሕር ዳርቻ ከተሜ ነው። ገበሬው እንዲያምነው ከገበሬ አገር የመጣ ምክትል ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ጠበቆቹ ከሰኔ ጀምሮ የቤተሰቡን ኑሮ ከላይ እስከ ታች ሲበረብሩ ሰንብተዋል። የግብር ወረቀት አዩ፣ የሐኪም ወረቀት አዩ፣ የእናቷን የኮሌጅ ፍቅረኛ ሳይቀር ፈልገው አነጋገሩ። የቀረቻቸው ዴሊያ ብቻ ነበረች።

የሚገርመው፣ ይህን የምክትል መምረጥ ነገር ከአባቷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጊል የታሪክ አስተማሪ ነው። እራት ላይ የሚወደው ጨዋታ «ቢሆን ኖሮ» ነው፤ ያ እጩ የዚያኛውን ክፍለ ግዛት ሰው ምክትል ቢያደርግ ኖሮ ያሸንፍ ነበር፣ ይሄኛው ያቺን ሴትዮ ባይመርጥ ኖሮ አይዋረድም ነበር እያለ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ያወራል። ደጋግሞ የሚያነሳው አንድ ታሪክ ነበረው። ድሮ አንድ እጩ ምክትሉን በጥድፊያ መረጠ፤ ሰውየው በመንፈስ ጭንቀት ሆስፒታል ተኝቶ መታከሙን ሳይናገር ቀረ፤ ነገሩ ሲወጣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከእጩነት ተነሳ። «የጎዳው መታመሙ አይደለም፣ መደበቁ ነው» ይል ነበር ጊል ሹካውን እያወዛወዘ። ካለፈው መከር ወዲህ ያንን ታሪክ አንስቶት አያውቅም።

ዴሊያም የራሷ «ቢሆን ኖሮ» አላት፤ ማታ ማታ ብቻዋን የምትጫወተው። ያን ቀን አባቷን «እኔ ልንዳ» ብትለው ኖሮ። ከኳስ ጨዋታው ሲመለሱ ቢራ ቢራ ይሸት ነበር፤ እሷም አውቃ ነበር። በበቆሎው እርሻ መታጠፊያ ላይ ትሩዲ ብስክሌቷን እየገፋች በዳር ትሄድ ነበር። ከዚያ የብረት ድምፅ። ትሩዲ ቦዩ ውስጥ ራሷን ስታ ተጋድማ፣ ጊል ለአምቡላንስ ደወለና ልጁን በሁለት እጁ ትከሻዋን ያዛት። እኔን እስር ቤት ነው የሚከቱኝ፣ እናትሽም ትወድቃለች፣ አንቺ ግን ልጅ ነሽ፣ ትምህርት ቤት ለመመላለስ ብቻ መንዳት ተፈቅዶልሻል፣ ምንም አያደርጉሽም አላት። ቦታ ተለዋወጡ።

እውነትም ምንም አላደረጓት። መንጃ ፈቃዷን ወሰዱ፣ በቃ። ትሩዲ ግን በሩጫ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የነበረችው ልጅ፣ ዛሬም እግሯ አይታጠፍላትም። አንድ ጊዜ ብቻ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ አቁማት ነበር። «ቢያንስ መጥተሽ አትጠይቂኝም ነበር? በኔ ሙድ ነው እንዴ የያዝሽው?» አለቻት።  ዴሊያ እየሳቀችባት እንዳልሆነ፣ ፊቷን ማየት አቅቷት እንደቀረች እንዴት አድርጋ ታስረዳት? ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

ጠበቃዋ ወይዘሮ ኪምብል ሳሎኑ ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠው ነበር። ጨዋ ሴት ናቸው። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ኢንተርኔት ላይ ስለምትለጥፈው ነገር ጠየቋት። ስለ አደጋውም ጠየቁ፤ እሷም ፀሐይዋን፣ መታጠፊያውን፣ ሁሉንም እንደተለመደው አወራችላቸው። 

«አይዞሽ» አሏት። «ይሄ እንኳን እናትሽን አይጎዳትም። ምናልባትም ይጠቅማታል።»

«እንዴት?»

«ዛሬ ጠዋት እነትሩዲ ቤት ሄጄ ነበር። ከአንቺ ጎን ተቀምጣ ካሜራ ፊት ‹ይቅር ብያታለሁ› ለማለት ፈቃደኛ ናት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል።»

 «አስገደዳችኋት?»

«ኧረ በፍጹም። እናቷ እንዲያውም አይሆንም ብለው ነበር። እሷ ናት እሺ ያለችው። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ጓደኛዬ ነበረች። በኔ እግር ምክንያት እናቷ እንድትወድቅ አልፈልግም› አለችኝ።»

 ዴሊያ ቢሰድቧት፣ ቢከሷት ትችለው ነበር፤ ዓመት ሙሉ የተዘጋጀችው ለዚያ ነው። ትሩዲ ያንን እግሯን እየጎተተች መጥታ፣ አገር ሁሉ እያያት፣ ዴሊያን ላላደረገችው ነገር ይቅር ልትላት ነው። እሷም አጠገቧ ተቀምጣ አመሰግናለሁ ልትል ነው። እንባዋ ሳታስበው መጣ።

ወይዘሮ ኪምብል ውሃ አቀበሏትና እስክትረጋጋ ጠበቁ። ያለቀሰችው ደስ ብሏት መስሏቸዋል።

«የመጨረሻ ጥያቄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሁሉንም ሰው የምጠይቀው ነው። እኔ የማላውቀው፣ ነገ ጋዜጠኛ ቢያገኘው የሚያስደነግጠኝ ነገር አለ? ክፉውን ነገር ቀድመን ከሰማነው አንድ መላ እንፈልግለታለን። ከሌላ ሰው ስንሰማው ነው የሚያልቅልን።»

አባቷ ሊታሰር ይችላል። እናቷ ዕድሏ ያመልጣታል፤ ከዚያ በኋላ ልጇን በምን ዓይን እንደምታያት እግዜር ይወቅ። ዴሊያ ይህን ሁሉ አሰበችው። አስባውም ተነሳችና ወደ ወጥ ቤቱ በር ሄደች።

እናቷ ሳንድዊች እየሠራች ነበር፤ ሴናተሩ ከደወለ ብላ ስልኩን ቲማቲሙ አጠገብ አስቀምጣዋለች። አባቷ ሳህን ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። የልጁን ፊት ሲያይ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ።»

«ጨረሳችሁ?» አለች ሎርና ፈገግ ብላ። ሰሞኑን ፈገግታ አልተለያትም።

«አልጨረስንም። ስለ አደጋው ያልነገርንሽ ነገር አለ። ስልኩን እዚያው ተዪውና ነይ።»

እናቷ እጇን እየጠረገች ሳሎን ገባች። ዴሊያ ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። የሳሎኑን በር ግን አልዘጋችውም፤ አባቷም መግባት ከፈለገ ብላ።