በምሳ ሰዓት የሚወርድ ፋይል

አሪፋ ሐይቅ ከተማ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ታናሽ እህቷ ሂንድ በሰባት ዓመቷ በማጅራት ገትር ታማ መስማት ካቆመች ዐሥር ዓመት ሆኗታል። እህትማማቾቹ የሚግባቡት ራሳቸው ቤት ውስጥ በፈጠሯቸው ጥቂት ምልክቶች ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢት ውስጥ፣ መስማት የተሳናት አንዲት ሴት ከባሏ ጋር መድኃኒት ልትገዛ መጣች። ባልና ሚስቱ በእጃቸው እያወሩ ይሳሳቃሉ። ሂንድ ባንኮኒው ጥግ ቆማ አፍጥጣ አየቻቸው። ሴትዮዋ ዞር ብላ በእጇ አንድ ነገር ብትጠይቃት ምንም አልገባትም። ሲሄዱ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።

አሪፋ ትምህርት ፍለጋ ጀመረች። ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኘች፦ «የምልክት ቋንቋ ትምህርት፤ አርባ ስድስት ቪዲዮ፤ ውጫሌ የተቀረጸ። በቶረንት ይወርዳል። ካስቸገረ ደውሉ።»

ቶረንት የሚያወርደውን ፕሮግራም ላፕቶፗ ላይ ጫነች፤ የስልኳን ኢንተርኔት አገናኘች። ለወር የገዛችው ጥቅል በሁለት ሰዓት አለቀ። የተሟላ ቪዲዮ ግን አንድም የለም። ደወለች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ፕሮግራምህ ሌባ ነው እንዴ? የወር ኢንተርኔቴን ጨርሶ ቁርጥራጭ ሰጠኝ!»

በወዲያኛው ጫፍ ሳቅ ተሰማ። «አብሽሪ እህቴ። ሌባ ሳይሆን ቸር ነው። አንቺ ያወረድሽውን መልሶ ለሌላ ሰው ያካፍላል። ማካፈሉን ዜሮ አድርጊው። ደግሞ አርባ ስድስቱን ባንዴ አታስጀምሪ፤ ከመጀመሪያው በቀር የሌላውን የራይት ምልክት አንሺ።»

ስሙ ሀምዳን ነው፤ አምባሰል ወረዳ ውስጥ የመሬት ቅየሳ ባለሙያ። ቪዲዮዎቹ ላይ የምታስተምረው መስማት የተሳናት ታላቅ እህቱ ሱረያ ናት፤ እሱ ካሜራ ይዞላታል። ፋይሉ የሚመጣው በቀጥታ ከእሱ ኮምፒዩተር ስለሆነ፣ እሱ ካጠፋ ይቆማል። የእሱም ጥቅል የተወሰነ ነው።

«ምሳ ሰዓት ቤት እገባለሁ፤ ያኔ እከፍትልሻለሁ» አላት።

ከዚያ በኋላ አሪፋ ምሳዋን ላፕቶፗ ፊት ትበላ ጀመር። በሳምንት ሁለት ቪዲዮ፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ ይወርዳል። እስኪወርድ ያወራሉ። ሱረያ እንዴት እንዳስተማረችው፣ ተራራ ላይ ሲቀይስ ምን እንደሚያይ፣ ሂንድ ዛሬ ምን እንዳለች። አሪፋና ሂንድ ማታ ማታ ትምህርቱን ፊት ለፊት ተቀምጠው ይለማመዳሉ። አንድ ቀን ሂንድ በእጇ «ለምን ስልክ ስታወሪ ትስቂያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። መስማት ካቆመች ወዲህ የጠየቀችው የመጀመሪያው ረጅም ጥያቄ ነበር።

አሪፋ የሀምዳንን ፊት አይታ አታውቅም። ቪዲዮዎቹ ላይ ጥላው ግድግዳው ላይ ይወድቃል፤ አንዳንዴ ሳሉ ይሰማል። ሃያ ሁለተኛው ላይ ካሜራው ሊወድቅ ሲል አንድ እጅ ለቅጽበት ታየ። ረጃጅም ጣቶች፤ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ። ያቺን ቦታ ስንት ጊዜ መልሳ እንዳየችው ለማንም አልተናገረችም።

በሐምሌ እሱ አንድ ነገር አነሳ።

«ከውጫሌ ሐይቅ በመኪና ምን አላት? በፍላሽ ገልብጬ ባመጣልሽ በዐሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር።»

አሪፋ ያልወረዱትን ቪዲዮዎች ቆጠረች። ቀጥሎ «ግድ የለም፣ በመስመሩ ይምጣ» አለች።

«እሺ» አለ ሀምዳን። ድምፁ ቀዝቅዞ ነበር።

ሠላሳ አንደኛው ትምህርት በወረደ ማግስት የሀምዳን ኮምፒዩተር አልተከፈተም። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም። ስልኩ አይጠራም። አሪፋ እንዳይመጣ በመከልከሏ የተቀየማት መሰላት። በሳምንቱ ከውጫሌ አቅጣጫ ፍራሽ የጫኑ መኪኖች መምጣት ሲጀምሩ ግን ጦርነቱ ውጫሌ እንደደረሰ ገባት። መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ የሚያርፈውን ሁሉ «ሀምዳን የሚባል ቀያሽ ታውቃላችሁ?» እያለች ጠየቀች። የሚያውቀው አልተገኘም። ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ ሐይቅም ገባ፤ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ።

ጥር ላይ፣ መድኃኒት ቤቱ ገና ግማሽ መደርደሪያ ይዞ እንደገና በተከፈተ ሰሞን፣ አቧራ የለበሰ ረጅም ሰው ገባ።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

ድምፁን ከመለየቷ በፊት ባንኮኒው ላይ ያረፈውን እጁን አየች። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ።

አሪፋ የያዘችውን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። እጇን አነሳችና በምልክት «ደህና ነህ?» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፤ እሱም በእጁ። ከዚያ በአፉ «ሱረያም ደህና ናት፤ ደሴ ዘመድ ቤት ነን። ቤታችን ተመትቶ ተቃጠለ። ኮምፒዩተሩም አብሮ ሄደ።»

«ትምህርቶቹስ?»

«ሌሎቹ ያወረዱ ሰዎች አንድ ሁለት አይተው ነው የተዉት። ከተረፉ አንቺ ጋ ያሉት ብቻ ናቸው። ይዤ የመጣሁት የለም፤ ልለምንሽ ነው የመጣሁት።»

አሪፋ በእጇ ብትነግራት፣ ባንኮኒው ጥግ የነበረችው ሂንድ ሮጣ ላፕቶፑን ከቤት አመጣች። መብራቱ ቢመለስም መስመር ገና ስለሌለ ከላፕቶፑ ወደ እሱ ስልክ በገመድ ገለበጡት። የአምስት ወር ሥራ በሩብ ሰዓት አለቀ። ሀምዳን ገመዱን ነቅሎ ጠቀለለው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ ሀምዳን፤ አቀርቅሮ። «ቪዲዮዎቹን ራሳቸውን ቴሌግራም ላይ ብሰቅላቸው ኖሮ እኔን ሳትጠብቂ በሁለት ሳምንት ትጨርሻቸው ነበር። ዘግይቼ ነው ያወቅሁት፤ ካወቅሁ በኋላም አልነገርኩሽም። ቶሎ ካለቀ አትደውዪም ብዬ ነው። ወላሂ፣ በእኔ ስስት ዐሥራ አምስቱ ጠፉ።»

አሪፋ ሳቋና እንባዋ ባንዴ መጡባት።

«ፍላሹን እንቢ ያልኩህ ለምን መሰለህ?»

ሀምዳን ቀና ብሎ አያት። ሂንድ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን እያየች ፈገግ አለች።

«ዐሥራ አምስቱን ሱረያ እንደ አዲስ ታስተምራለች» አለ ሀምዳን። «ሂንድም አብራት ትቀረጽ። ሁለት ሰው ሲያወራ ማየት ይሻላል።»

አሪፋ ይህን በእጇ ተረጎመችላት። ሂንድ «እኔ?» ብላ ደረቷን ነካች፤ ጉንጯ ቀላ።

ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ጥሩንባ ነፋ። ሀምዳን በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

«ለጁምዓ እመለሳለሁ ኢንሻ አላህ። ምን ይዤ ልምጣ?»

«ሽማግሌ» አለችው አሪፋ።