ባሮ የሞላበት ዓመት

ሦስተኛው ጎል ሲገባ ሲፈን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አነሳችና ወዲያው መልሳ ወደ ወለሉ አወረደችው። ከቴሌቪዥኑ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ያንን ፎቶ ላለማየት እየሸሸች ነው። በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ደግሞ ከፎቶ መሸሽ እንዲህ ቀላል አይደለም።

«ይኸው ሦስት» አለ አባቷ። በነጭ ካናቴራ ቬንትሌተሩ ፊት ተቀምጧል፤ ሪሞቱን እንደ ጠመኔ ይዞታል። ታደሰ የሒሳብ መምህር ነው። ሽንፈትም ቢሆን ሳያስረዳ አያልፈውም።

ማስረዳት ጀመረ። ችግሩ አሰልጣኙ አይደለም፣ ሜዳውም አይደለም። ብሔራዊ ቡድናችን የሚሸነፈው ገና ከሥሩ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ጎረምሳ አሥራ አምስት ነኝ ብሎ ከልጆች ጋር ይጫወታል። ጉልበት አለውና ያሸንፋል፤ ዋንጫ ያነሳል፣ ይጨበጨብለታል። እውነተኛው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ደግሞ «ገና ነህ» ይባልና ቤቱ ይቀራል፤ በዚያው ኳስ ይተዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ለዋናው ቡድን ሰው ሲፈለግ ያኛው ጉልበቱን ጨርሷል፣ ይኼኛው ጠፍቷል።

«እስቲ አስቢው» አላት። «ማን ቀረ? ማንም። አገር ውስጥ እየተሸዋወድን እንከርምና ውጪ ስንወጣ የምንዋረደው ለዚህ ነው።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እነሱ ቤት የሚያማስለው አባቷ ነው፤ የእሱ ድስት ከሥር አርሮ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፣ እሱ ግን የብሔራዊ ቡድኑን ያማስላል።

ምክንያቱም የሲፈንን ዕድሜ የቀነሰው ራሱ ነው።

ሲፈን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የልደት ወረቀቷ ላይ ግን አሥራ አራት ይላል። አምና ወረቀቱን ሲያወጣላት ቅጹን በራሱ ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ሞላው፤ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ሲደርስ ሁለት ጨመረበት። እሷ አጠገቡ ቆማ አይታዋለች። «አባዬ፣ ተሳስተሃል» ስትለው ሳቀ። አንቺ ትንሽዬ ነሽ፣ ማን ይጠይቅሻል፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው አላት። እውነቱን ነው፤ ሲፈን ሰባተኛ ክፍል ካሉት ልጆች እንኳ ታንሳለች። እሷም ብትሆን ያን ቀን አልከፋትም፤ ደስ ብሏት ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ገባች፣ ጎል አገባች፣ አምበል ሆነች። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የሲፈንም ቀልሎላት ነበር፣ እስከ ትናንት።

ትናንት ቅዳሜ ነው። የቡድኑ አሰልጣኝ ኮች አበዛሽ ልጆቹን ሜዳው ላይ ሰበሰቡና የጎሉ ቋሚ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩ። ከዚህ መስመር ጭንቅላቷ የሚያልፍ ልጅ ዕድሜዋን ታስረዳለች፤ የማያልፍ ትገባለች። ኮች ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አምና ቡድኑ ሐዋሳ ላይ ከሌሎች ክልሎች ጋር ሲጫወት «እነዚህ ልጆች ሳይሆኑ የልጆች እናቶች ናቸው» ተብሎ ክስ ቀረበ፤ ኮች ሰው ፊት አፍረው ተመለሱ። ዘንድሮ እንዲያ እንዳይሆን ነው መስመሩ። ግን ጋምቤላ ላይ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መምህሯን ቁልቁል በምታይበት ከተማ፣ ዕድሜን በቁመት መለካት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ሲፈን ቋሚው ሥር ስትቆም መስመሩ ከራሷ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀረ። ኮች ወረቀቷን በወጉ እንኳ ሳያዩት «እለፊ» አሏት። ማኅተሙ ያማረ ወረቀት ነበር።

ቀጥላ ኛዋል ቆመች። መስመሩ አገጯ ላይ ዋለ።

ኛዋል የቡድኑ መሃል ተከላካይ ናት፤ የሲፈን ጓደኛም ናት። ቤተሰቦቿ ኢታንግ ናቸው፤ ለትምህርት ብላ ከተማ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች። ከኋላ እሷ ካለች ሲፈን ከፊት ሆና ዞር ብላ አታይም፤ ኳሱ እንደሚመጣላት ታውቃለች። የልደት ወረቀት ግን የላትም። በወረቀት ፋንታ እናቷ ከኢታንግ በሚኒባስ መጥተው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ኮች ሲጠይቋቸው በኑዌርኛ መለሱ፤ ኛዋል ራሷ ተረጎመች።

«ባሮ የሞላ ጊዜ ነው የወለደችኝ» አለች። «ትልቁ። ጀልባ እዚህ ከተማ ገበያ ድረስ የገባ ጊዜ።»

ኮች ተነፈሱ። እሳቸው ከጅማ የመጡት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ባሮ የማይሞላበት ክረምት አለ እንዴ አሉ፤ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ አሉ። ደግሞ ዘንድሮ ሐዋሳ የሚሄዱት ልጆች ዝርዝር ሰኞ ጠዋት መላክ አለበት። ዙሪያቸውን አዩና ሲፈን ላይ ቆሙ።

«ሲፈን፣ አንቺ የዚሁ ከተማ ልጅ ነሽ። ይህን ጎርፍ ቤት ውስጥ ሲያወሩት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? መቼ ነበር?»

ሲፈን ታውቃለች። ከማንም በላይ ታውቃለች። ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለው ፎቶ የዚያን ቀን ነው የተነሳው። አባቷ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ከኋላው የገበያው ሱቆች ግማሽ ድረስ ሰጥመዋል፤ ትከሻው ላይ አንዲት ሕፃን ሰማያዊ የፕላስቲክ ጫማ አድርጋ ጆሮውን ይዛ ትስቃለች። ሕፃኗ ሲፈን ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩ ይወራል፤ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ ሲፈን ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ትንሽ እንኳ አልፈራችም እየተባለ። ኛዋልም ስንቴ ሰምታዋለች።

«አሥራ አራት ዓመቱ ነው» ብትል ኛዋል ትገባለች። ግን ፎቶውን ግማሹ ቡድን አይቶታል። አንዷ እንኳ «ቆይ፣ አንቺ ያኔ ሁለት ዓመትሽ አልነበር እንዴ» ካለች አበቃ። ሐዋሳ ቀረ፤ ከሐዋሳ ለብሔራዊ ታዳጊ ቡድን መመልመልም ቀረ፤ አምበልነቱም ቀረ።

«አላውቅም ኮች» አለች። «እኔ ሳልወለድ በፊት ይመስለኛል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኮች ራሳቸውን ነቀነቁና ወረቀታቸው ላይ አንድ ስም ሰረዙ። ኛዋል ሲፈንን አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ለሲፈን ይቀላት ነበር፤ ኛዋል ግን ያየቻት የማታውቀውን ሰው እንደምታይ ነው። እናቷ ምን ተባለ ብለው ጠየቋት መሰል፣ ኛዋል በአጭሩ አንድ ነገር ነገረቻቸው። እናትየው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ቀሚሳቸውን ከሣር አራግፈው ተነሱ። ኛዋል ምን ብላ እንደነገረቻቸው ሲፈን እስካሁን አታውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ግን ስትገምት አድራለች።

ጨዋታው አልቆ አባቷ ገና እያብራራ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

«ማሌ» የሚል የኑዌርኛ ሰላምታ ተሰማ። ኛዋል በሩን ጎንበስ ብላ ገባች። በእጇ ኳስ ሲጫወቱ ቅልጥም ላይ የሚታሰረውን መከላከያ ይዛለች፤ ታጥቦ ደርቋል።

«ያንቺ ተሰንጥቋል» አለቻት። «የኔን ውሰጂ። ሐዋሳ ላይ እግር ይመታሉ።»

ሲፈን ተቀበለቻት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ያን ሰዓት እምቢ አትልም ነበር። አባቷ ግን እንግዳ ሲመጣ ይወዳል። ተቀመጪ አላት፣ ሦስት ለዜሮ መሸነፋችንን ነገራት፣ ለስላሳ ከፈተላት። ቀጥሎ መከላከያው ላይ ዓይኑ አረፈ።

«አንቺስ ኛዋል? አትሄጂም እንዴ?»

«ዕድሜዬ አልፏል ተባለ።»

«አልፏል? ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ወረቀት የለኝም» አለች ኛዋል። ቀጥላ በአገጯ ግድግዳውን አመለከተችው። «እናቴ ያን ጊዜ ነው ትላለች። ያ ውሃ።»

ታደሰ ቀና ብሎ ፎቶውን አየው። ለሒሳብ መምህር ስሌቱ ጊዜ አይወስድም። ሪሞቱን የያዘ እጁ ቀስ እያለ ጭኑ ላይ ወረደ።

«ታዲያ ዓመቱን ለአሰልጣኟ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሲፈን ወደ ኛዋል አየች። አሁን ትናገራለች። ብትናገርም ይገባኛል፣ ትናገር ብላ አሰበች።

«ማንም አላወቀም» አለች ኛዋል።

ለስላሳውን እስከ ግማሽ ጠጣች፣ አመስግና ተነሳች፣ አክስቷ እንደምትጠብቃት ተናገረች። በሩ ላይ ደርሳ ወደ ሲፈን ዞረችና እንደ ወትሮው ትከሻዋን መታ አድርጋት ወጣች። ሲፈን ያቺ ትከሻዋ የእሷ እንዳልሆነች ሁሉ አፈረችባት።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሦስት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ከበው ቡድኑ ለምን እንደተሸነፈ ይተነትናሉ። አባቷ ድምፁን አጠፋው፤ ሰዎቹ ያለ ድምፅ እጃቸውን ማወራጨት ቀጠሉ።

«ጠይቀውሽ ነበር?» አለ፣ ሳያያት።

«አዎ።»

«ምን አልሽ?»

«ሳልወለድ በፊት ነው አልኳቸው።»

ሲፈን ቁጣ ጠብቃ ነበር። ወይ ደግሞ «ዝም በይ፣ ያልፋል» እንዲላት። አባቷ ሁለቱንም አላደረገም። መዳፉን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። ከስድሳ ተማሪ ፊት ቆሞ የማያፍር ሰው፣ በገዛ ቤቱ በአንዲት ልጁ ፊት ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። ይህን ከማየት ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር አለች በልቧ። የራሷ ኀፍረት ሳያንሳት አሁን የእሱም ተጨመረባት።

«ዝርዝሩ የሚሄደው ነገ ጠዋት ነው» አለች በመጨረሻ። «ኮች ዛሬ ቤታቸው ናቸው።»

«አንቺ ትቀሪያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ምናልባት ከእንግዲህም በየትኛውም ቡድን አያስገቡሽም።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«እኔንም ይጠይቁኛል» አለ አባቷ። ሊያስቀራት ፈልጎ አይመስልም፤ የቀረውን ቁጥር መደመሩ ነው። ሲፈን ይህንንም አስባበታለች፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ ከአልጋዋ ተነስታ የተመለሰችው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሆንም ዱካውን ጎትታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመችው። ያለ ዱካ አትደርስማ።

ላዩ ላይ ወጥታ ፎቶውን ስታነሳ ግድግዳው ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀረ። ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕፃኗን በደንብ አየቻት። አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ በዙሪያዋ ሰው ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ ይሸሻል፣ እሷ ምንም አታውቅም። ከእነዚያ ሱቆች አልፎ፣ ውሃው በሚወርድበት ወገን፣ ያኔ አንዲት እናት ኛዋልን ታቅፋ ነበር።

ፎቶውን በቡድኑ ማሊያ ጠቀለለችው። መከላከያውንም ከላይ አደረገችው። በሩ ላይ ስትደርስ አባቷ ጠራት።

«ሲፈን።»

ቆመች። አትሂጂ ካላት መሄዷን አታውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንዲላት የፈለገችበት ቅጽበትም ነበረ።

«ከጀርባው እዪው» አለ። «ለኮች እሱን አሳዪያቸው።»

ማሊያውን ገልጣ ፎቶውን ገለበጠችው። ጽሕፈቱ የሚታወቅ ነው፣ የልደት ወረቀቷን ቅጽ የሞላው ያው ቆንጆ ጽሕፈት። «ሲፈን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር። ባሮ ገበያው ድረስ የሞላ ጊዜ።» ከሥሩ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ አለ። አባቷ ሰሌዳ ላይ ትክክለኛው መልስ ሲደርስ እንደሚያደርገው ዓመተ ምሕረቱን ሁለቴ አስምሮበታል።

መልሳ ጠቀለለችውና ወጣች። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ኛዋል ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ላይ በረጅሙ እየተራመደች ትታያለች፤ ሩቅ አልሄደችም፣ ቢጠሯት ትሰማለች። ሲፈን ልትጠራት አፏን ከፍታ ተወችው። ወደ ኮች አበዛሽ ቤት የሚወስደው መንገድ በሌላ በኩል ነው። ፎቶውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችና በዚያ በኩል ታጠፈች።