አስካለች የቀጠቀጠችው መስቀል

የሆሳዕና ሰው ዓይኑ እያየ ይክዳል። ፎንቆ በኩል መቃብር ላይ የቆመውን የብረት መስቀል እስከ ዛሬ «የቀጥቃጩ የጠና እጅ ነው» ይላል። ጠና እንኳን መስቀል ሊሠራ፣ ዓይኑ ከደከመ ወዲያ እሳቱን በሙቀቱ ነበር የሚያውቀው። የቀጠቀጠችው ልጁ አስካለች ናት። ሴት ወናፍ ትንፋ እንጂ መዶሻ አታነሣም ከተባለ ግን ማን ይመን!

ተረፈ እነሱ ቤት የመጣው መሬት ለአራሹ በታወጀ በዓመቱ ነው። በፎንቆ በኩል የገበሬ ልጅ ነው፤ እናቱ ሞታ ለመቃብሯ መስቀል ፈለገ።

«ጋሽ ጠና አሉ?»

«አሉ። መዶሻው ግን እኔ ዘንድ ነው» አለችው አስካለች።

ሳቀ። «አንቺ ልትሠሪው?»

«ካልጣመህ ከእንጨት ጠርበህ አቁምላት።»

አልሄደም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የፌሮውን ብረት አግላ በጉጠት ስትጠመዝዘው እጇን አየ፤ ቀጥሎ ፊቷን። ማየቱን አወቀችበት።

በማግስቱ ሲመጣ ወናፉን ያዘና ይነፋ ገባ። የገበሬ ልጅ የቀጥቃጭ ወናፍ መንካቱ በዚያ አገር ጉድ ነው።

«ተው፣ ረከሰ ይሉሃል» አለችው።

«ይበሉ። ከእሳቱ ይልቅ አንቺ ነሽ ያቃጠልሽኝ።»

«አፍህ ከወናፉ በለጠ! ዝም ብለህ ንፋ።»

ሲጠማው እሷ ከጠጣችበት ቅል ተቀብሎ ጠጣ። ያን ጊዜ ያቺ ምላሰኛ ወደ ብረቷ ዞረች። የመስቀሉን ጫፎች ሰንጥቃ እንደ ሐረግ ጠቀለለቻቸው፤ አንድ መስቀል የሚፈጀውን ጊዜ አልፋ አስጌጠችው፤ ካለቀ አይመጣም ብላ ፈርታ።

«መስቀሉ የቆመ ቀን ለአጎቴ እነግረዋለሁ» አላት ተረፈ። «የማገባት እሷን ነው እላለሁ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ሁሉ ፊት።»

ብረት መቼ እንደሚታጠፍ የምታውቅ ልጅ፣ ሰው ላይ ግን ጊዜውን ሳተች።

አጎቱ ብዙነህ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ነበር። በየስብሰባው «ቀጥቃጭም ሸክላ ሠሪም ገበሬም እኩል ነው!» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጮሃል። ሰውም ያጨበጭብለታል።

መስቀሉን ራሷ ተሸክማ መቃብሩ ድረስ ሄደች። መስቀሉ ቆመ፤ ዘመድ ከበበው። «ጠና ዛሬም አለ!» ተባለ። እሷ ጥርሷን ነከሰች፤ የምትጠብቀው ሌላ ቃል ነበርና።

ውሃ በቅል ይዞር ጀመር። እሷ ጋ ሲደርስ ብዙነህ ተረፈን በዓይኑ ጠቀሰው። ተረፈ ሄደ፤ የኮባ ቅጠል ቆርጦ አጠፈ፤ ውሃውን በቅጠሉ ቀድቶ ሰጣት። ቅሉ በቀጥቃጭ አፍ እንዳይረክስ። ቅጠል ይጣላል።

ዓይኑን ቀና አላደረገም።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች አስካለች ወደ ብዙነህ ዞራ፣ «እኩልነቱ ለጭብጨባ ነው እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ መቃብር ላይ ነን። ጠጪና ሂጂ!»

ቅጠሉን ወደ ተረፈ መልሳ ዘረጋች። «መጀመሪያ አንተ ጠጣ። ቤቴ በኔ ቅል ትጠጣ የለ?»

ሰው ሁሉ ተረፈን አየ። ተረፈ አጎቱን አየ፤ ከዚያ መሬቱን። እጁ ከጎኑ አልተነሣም። ውሃው ከቅጠሉ እጥፋት እየተንጠባጠበ አለቀ።

አላለቀሰችም። ባዶውን ቅጠል እግሩ ሥር ጣለችው።

«እንግዲያው መስቀሌን ንቀል» አለችው። «በገዛ እጅህ ንቀልና ስጠኝ!»