አብሮ የተጋገረ

ካሰችን ፋብሪካው ውስጥ የማይፈራት ምድጃው ብቻ ነበር።

በፈረንጅ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ስትመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። መምህርቷ «ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ኢላኒት ነው» ስትላት፣ «ኢላኒት የምትባለዋ ስትመጣ ንገሪያት» ብላ በአማርኛ መለሰች። መምህርቷ አልገባትም፤ ስሟ ግን ካሰች ሆኖ ቀረ። አሁን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ፣ አድ ሃሎም በሚባለው ሰፈር ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ዳቦ ፋብሪካ ሊጥ ታቦካለች። አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ብላ፣ ሰው የጣለውን ጠርዙ የተበላ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አንስታ አውቶቡስ ላይ ብቻዋን ታጠናለች።

ከእንግሊዝ አገር አዲስ ምድጃ መጣ። የሚተክለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሸር ይባላል፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከወታደር ቤት ከወጣ ገና ዓመቱ ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ እንግሊዝኛ ታነባለች አሉኝ።»

«ማን አለህ?»

«የሚፈሩሽ ሁሉ።»

ቀና ብላ አየችው። አልሳቀም። የምድጃውን የቁጥር ማሳያ መስኮት አሳያት፤ ባች አንድ፣ ባች ሁለት እያለ ይቆጥራል።

«ቁጥሩ ገብቶኛል። ባች ምኑ ነው?»

አታውቀውም። ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ቃል ነበር። «ነገ እነግርሃለሁ፤ ዛሬ ሥራ አለብኝ» አለችና ፊቷን አዞረች። አለማወቋን አወቀባት፤ ማወቁንም አወቀች። ግን ምንም አላለም። ካሰች ያን ቀን የወደደችው ያን ዝምታውን ነው።

በማግስቱ ከነዱቄቷ ፊቱ ቆመች።

«ስማ። ሥሩ መጋገር ነው። ድሮ የእንግሊዝ ጋጋሪ ምድጃውን አንዴ ሞልቶ የሚያወጣው ዳቦ ሁሉ አንድ ባች ይባል ነበር። ኋላ ቃሉ ከምድጃ ወጥቶ ዓለም ዞረ። አብሮ ለተሠራ ዕቃ፣ አብሮ ለገባ ተማሪ፣ ለሁሉም ሆነ። እናንተ ወታደር ቤት አብሮ የገባውን ምልምል መሐዞር የምትሉት ዓይነት መሆኑ ነው።»

«እንግዲያው እኔና አንቺም አንድ ባች ነን። በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው።»

«የእኔን አውሮፕላን በምን አወቅህ?»

«ወንበር ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«እሱ ነዋ!»

የዚያን ጊዜ አውሮፕላኖች ሁሉ ብዙ ሰው እንዲጭኑ ወንበራቸው ተነቅሎ ነበር። ካሰች ይህን እያወቀች ሳቀች፤ ሳቋንም ለመዋጥ ዘገየች።

ምድጃው ተተክሎ አለቀ። አሸር ግን በየሳምንቱ አንድ የሚጠግነው ነገር አያጣም። አንድ ቀን እረፍት ላይ አዲሷ ሠራተኛ ጸሐይነሽ ስለ ቅድመ አያቷ ታወራ ነበር። ጸሐይነሽ በቅርብ የመጣች፣ እዚሁ አገር የአይሁድን ሃይማኖት ተምራ የገባች ናት።

«አንቺ የትናንት ገቢ» አለች ካሰች ከሻይዋ ቀና ሳትል፣ «ስለ አያት እኛ እናውራ። የአየለ ተሰማ ዘር ነኝ፤ አጥንታችንን ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንናገር።»

ጸሐይነሽ እንጀራዋን ጠቅልላ ወጣች። አሸር በር ላይ ቆሞ ሰምቷል።

«ምላስሽ እንደዚህ ምድጃ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ማጥፊያው የት እንዳለ እስካሁን አላገኘሁትም።»

እንዲያም ሆኖ በስድስተኛው ወር ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ዓርብ ጠዋት ሮቫ ዛይን ሰፈር ወዳለው የካሰች አባት ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። የሰፈሩ ቤተ እስራኤል ቄስ፣ ከእሳቸውም ጋር የአሸር አባት አባ ሽባባውና ሌሎች ሁለት። ካሰች ትልቅ ዳቦ ጋግራ ጠረጴዛው ላይ አኑራለች። ቃል ሲታሰር አባቷ ሊቆርሱት ነው። እሷ ወግ ነውና ወጥ ቤት በር ላይ ቆማለች፤ አሸር ከመግቢያው አጠገብ አንገቱን ደፍቷል። የቤተ እስራኤል ሰው እስከ ሰባት ቤት የሚዛመደውን አያገባም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አጥንት ይቆጠራል።

«አሸር» አሉ አባ ሽባባው፣ «የሽባባው፤ ሽባባው የመለሰ፤ መለሰ የዋሴ፤ ዋሴ የተሰማ…»

አባቷ ይርሳው እጃቸውን አነሡ። «የየት አገሩ ተሰማ?»

«የአምቦበሩ።»

«ቀጥቃጩ?»

«ቀጥቃጩ።»

ታች መንገዱ ላይ አውቶቡስ ሲቆምና ሲነሣ ተሰማ። ይርሳው በየሠርጉና በየለቅሶው የሚያነሡት አያታቸው አየለ፣ የቀጥቃጩ ተሰማ ልጅ ነው። አራት ቤት ብቻ።

ቄሱ ዘንጋቸውን አነሡ። «ልጆቻችን ወንድምና እህት ናቸው። እግዚአብሔር በጊዜ አሳየን።»

አንድ በአንድ ወጡ። አሸር በሩ ጋ ዘወር ብሎ አያት። ዳቦው እንደ ሙሉ ጨረቃ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

እሑድ አሸር ፋብሪካ መጣ፤ መሣሪያዎቹን ለመውሰድ።

«ሐይፋ ሥራ አገኘሁ። በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ እሄዳለሁ።»

«መሮጥ ታውቅበታለህ ለካ።»

«አጠገብሽ ሆኜ እህቴ ልበልሽ? አንድ ባች ነን አላልኩሽም? በአፌ ጠራሁት።»

ካሰች መልስ ነበራት፤ ለሁሉም ነገር መልስ አላት። ግን ዐይኑን ስታይ ጎንበስ ብላ መሣሪያዎቹን አቀበለችው።

በማግስቱ ጠዋት እምዬ ሐረጊቱን ፍለጋ ሄደች። እምዬ ሐረጊቱ የአየለ የመጨረሻ ልጅ፣ የአባቷ አክስት ናቸው። የሰፈሩ ክሊኒክ ወንበር ላይ የወረፋ ቁጥራቸውን ይዘው አገኘቻቸው።

«እምዬ፣ አጥንታችንን ይቁጠሩልኝ። ተሳስተው ይሆናል።»

«ማን ነው የቆጠረ? ወንዶቹ?»

«አዎ።»

«ወንድ ስም ይቆጥራል፤ ማን እንዳጠባ አይጠይቅ።» አሮጊቷ ግራ ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባቴ አየለ በክፉ ቀን፣ መንገድ ዳር፣ የሞተች እናቱ ጀርባ ላይ ሲያለቅስ ነው የተገኘ። የተሰማ ሚስት ዋሴን ታጠባ ነበር፤ ሌላውን ጡቷን ለእሱ አጎረሰች። ቄስ ውኃ አግብቶ ሃይማኖታችንን አስያዘው። ልጅ ሆነ።»

«የማን ልጅ ነበር?»

«የረኃብ ልጅ። ሌላውን የሚያውቅ የለም።»

ካሰች አጠገባቸው ተቀመጠች። አሸር አጥንቷ አይደለም። ግን የአየለ ተሰማ ዘር የሚባለውም ነገር የለም። መንገድ ዳር ያለቀሰ፣ ስም የሌለው ሕፃን ነው ያለው።

«አባቴ ያውቃል?»

«አያውቅ። አያትሽ አስምሎኝ ነው የሞተ። አባትሽ በዚህ ስም ነው ቀና ብሎ የሚሄድ፣ ልጄ። ከአፌ ቢወጣ እገድለዋለሁ።»

«እኔ ከተናገርኩትስ?»

«ትችይዋለሽ ወይ?»

ሦስት ቀን አልቻለችም። ፋብሪካ ጸሐይነሽ በአጠገቧ ስታልፍ የራሷ ቃል ተመልሶ ይቆረጥማታል። የትናንት ገቢ! ሐሙስ ስልኳን አነሣች።

«ሽማግሌዎቹን ነገ መልሰህ አምጣቸው።»

«ምን ብዬ?» አለ አሸር።

«ቆጠራው ተሳስቷል ትላለች በል።»

«አባትሽ ይገድሉሻል።»

«እንግዲያው ቀድመህ ና።»

ዓርብ ጠዋት መጡ፤ ግማሾቹ ተቆጥተው፣ ግማሾቹ ጉድ ለማየት። አዲስ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አለ። እምዬ ሐረጊቱ ጥግ ይዘዋል። ካሰች ከወጥ ቤቱ በር ወጥታ መሐል ቆመች።

«ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት?» አሉ ይርሳው።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ። አያትህ አየለ የተሰማ የአብራክ ልጅ አይደሉም። በክፉ ቀን ተገኝተው ጡት ጠብተው ያደጉ ናቸው።»

ይርሳው ተነሡ። ወንበራቸው ወደቀ። «ለወንድ ብለሽ አያቴን ሸጥሽው?»

«እውነቷን ነው» አሉ እምዬ ሐረጊቱ። «አባቴ ነው፤ እኔ እመሰክራለሁ።»

«የጡት ልጅም ልጅ ነው» አሉ አባ ሽባባው ተከፍተው። «አየለን ከቤታችን አላወጣም።»

ሁሉም ቄሱን አዩ። ቄሱ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ።

«ጡት ቤት ያስገባል» አሉ በመጨረሻ፤ «አጥንት ግን አይለውጥ። የሰባት ቤቱ ሕግ ለአጥንት ነው። ልጆቹ መጋባት ይችላሉ። ይርሳው ከፈቀደ።»

ይርሳው በረንዳ ላይ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ካሰች ተከተለቻቸው።

«ሰው ምን ይለኛል?» አሉ ሳይዞሩ። «እስከ ዛሬ በማን ስም ነው ስኮራ የኖርሁ?»

«አባዬ፣ እንግሊዞች አብሮ ለተጋገረ ዳቦ ስም አላቸው። ዱቄቱ ከማን ማሳ ነው አይሉም። አብሮ እሳት ገብቶ አብሮ ወጣ ወይ፣ እሱን ነው የሚሉት። አያትህ ከዋሴ ጋር አንድ እሳት ገብተዋል። ከዚያ የሚያወጣቸው የለም።»

«አንድ እሳት ከገቡ ወንድማማች ናቸው። ቄሱ ደግሞ መጋባት ይቻላል ይላሉ። በየትኛው ልያዝሽ?»

«በሁለቱም። ኩራትህም ላንተ ይሁን፤ አሸርም ለእኔ። መንገድ ዳር የተገኘ ሕፃን ይህን ሁሉ ቤት ካቆመ፣ እኔ እንዲያውም ዛሬ ነው የኮራሁበት።»

ከፎቁ በታች አንዲት እናት ልጇን አዝላ ታልፋለች፤ ይርሳው እስክትጠፋ በዐይናቸው ተከተሏት። ከዚያ ገብተው የወደቀውን ወንበር አነሡ።

«ዳቦውን አቅርቢው።»

ቄሱ ባረኩ። ይርሳው ቆረሱ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእምዬ ሐረጊቱ፣ ሁለተኛውን ለአባ ሽባባው ሰጡ። ሦስተኛውን ይዘው አሸርን ብዙ አዩትና፣ «ሐይፋ ቀርቷል አይደል?» አሉት።

«ቀርቷል አባባ።»

ካሰች ከዚያ ዳቦ አንድ ቁራሽ በመሐረብ ጠቅልላ አስቀመጠች። እሑድ ፋብሪካ፣ አሸርም ባለበት፣ ለጸሐይነሽ ዘረጋችላት።

«የትናንት ገቢ ብዬሽ ነበር። የእኔም ቅድመ አያት ገቢ ኖረዋል። ይቅርታ።»

ጸሐይነሽ ዳቦውን ገለበጠችው፤ ቆረሰች፤ ሳትቸኩል አላመጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ካሰች አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከምድጃው ኋላ የአሸር ድምፅ መጣ።

«ማጥፊያው ለካ እዚህ ኖሯል!»