አርባ አንደኛው አልጋ

አዛውንቱ የሞቱት ረፋድ ላይ፣ መርፌ በተወጉ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ፔኒሲሊን አይስማማቸውም ነበር። የክፍሉ ነርስ ሆስፒታል ሲተኙ ይህን መዝግቤያለሁ ብላ ምላ ተገዝታለች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን የማይስማማቸው መድኃኒት የሚጻፍበት ሳጥን ባዶ ነው። ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር ሳላቸውን ትሰማለች። በሁለተኛው ሳምንት የገዛ እጇን መጠራጠር ጀመረች፤ ከሥራ የመባረሩ ስጋት ሳይሆን ይኼ ነበር እንቅልፍ የነሳት።

ጉዳዩን እንድታጣራ የተላከችው መርማሪ ቀድማ የጠራችው የሆስፒታሉን ፋርማሲስት ነው።

«ሳጥኑ ባዶ ሲሆንስ?»

«የሚከለከል መድኃኒት የለም ማለት ነዋ! ሁሌም እንደዚያ ነው የምንሠራው።»

ቀጥላ ነርሷን ጠየቀቻት። «አዛውንቱ የተኙበት አርባ አንደኛው አልጋ መቼ መጣ?»

«ቦታ ሲጠበን ጊዜ፣ ከመሞታቸው ሦስት ቀን በፊት ኮሪደር ላይ ዘረጋነው።»

መርማሪዋ የሦስቱን ቀን መዝገብ አገላበጠች። ተረኞቹ ሦስት የተለያዩ ነርሶች ናቸው፤ የአርባ አንደኛው አልጋ ሳጥኖች ግን ሦስቱንም ቀን ባዶ ናቸው። ከዚያ የአርባ አንዱም አልጋ መረጃ በአንድነት የሚላክበትን ገጽ ራሷ ሞልታ ላከችው። አንድም ሳይጎድል ተመዘገበ። ነርሷ ክው አለች፤ ኮምፒውተሩ ካልሳተ ጥፋቱ የእሷ ሊሆን ነው።

በማግስቱ የሟቹ ሴት ልጅ ባለችበት ነርሷን፣ ፋርማሲስቱንና የሆስፒታሉን የኮምፒውተር ባለሙያ ሰበሰበቻቸው።

«ሦስት ሰው አንድ አልጋ መርጦ አይረሳም» አለች መርማሪዋ። «ለአንድ አልጋ ሃያ አምስት ሳጥን አለ። በአርባ ሲባዛ?»

«አንድ ሺህ» አለ ፋርማሲስቱ።

«መረጃውን የሚያጠራቅመው ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩም፣ በአንድ ጊዜ የሚቀበለው አንድ ሺህ ሳጥን ብቻ ነበር። የተረፈውን ጥሎ ‹ተመዝግቧል› ይላል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።»

«ትናንት ራስዎ ሞክረውት ሠርቷል እኮ!» አለ የኮምፒውተር ባለሙያው።

«ስለሠራ ነው የጠረጠርኩህ። ገደቡ ሦስት ሺህ የሆነው አዛውንቱ በሞቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ያኔ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው ነርሷ ላይ ነው። ማን ነግሮህ አስተካከልከው?»

ባለሙያው አንገቱን ደፋ። «ሰርቨሩ በየቀኑ ማስጠንቀቂያ ይጽፍ ነበር። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፣ ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። ከዚያ… ፈራሁ።»

«እኔ እኮ ረስቼ ነው ብዬ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ!» አለች ነርሷ፣ ወደ ሟቹ ልጅ እያየች። እንባዋ ቀደማት።

«በሩን ዘጋሁብሽ» አለች ልጅቷ። ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ስትመዘግቢ አባቴ ምን አለሽ?»

«‹አደራ፣ እንዳትረሺ› አሉኝ።»

«አልረሳሽም» አለቻት።