ኖራ የበዛበት ውሃ

የመዋኛ ገንዳው ባለሙያ ሞቶ የተገኘው በፓምፕ ክፍሉ ውስጥ፣ በሩ ሥር ተደፍቶ ነበር። አጠገቡ ባለው ባልዲ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ቀርቷል። ሐኪሙ አሲድ ከክሎሪን ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ እንዳፈነው ተናገረ።

«እንግዲህ አደጋ ነው» አለች የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ።

ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር የቀራት መርማሪ ጉልበቷን ደግፋ አጎነበሰች። አደጋ ቢሆንላት በወደደች፤ ሰልችቷታል። የሟቹ መዳፎች ግን ተልጠዋል፤ በሩም ላይ ደም አለ። ገፋ ብታደርገው ያለምንም ችግር ተከፈተ።

«ሰሞኑን ገንዳው ምን ገጥሞት ነበር?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት አጥበን በቧንቧ ውሃ ሞላነው» አለች ሥራ አስኪያጇ። «የእኛ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ገንዳው ወተት መሰለ። እሱም የዱቄቱ ክሎሪን ራሱ ኖራ ስላለው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሆናል ብሎ ከግቢው አስወጣው። ከዚያ ወዲህ የምገዛው ፈሳሹን ብቻ ነው።»

የዋና አሰልጣኙም ይህንኑ አወራ። «አምስት ቀን ዋና ስላስቀረብኝ ተጣልቼዋለሁ። ‹ታገስ፣ እየለካሁ አሲዱን በጥቂት በጥቂቱ እሰጠዋለሁ› አለኝ። እውነትም አጠራው። ምስኪን! ነገ እኮ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረው፤ አምና እዚህ በሰመጠችው ልጅ ጉዳይ ሊመሰክር።»

«ያን ቀን ዋናተኞቹን የሚጠብቀው ማን ነበር?»

«ታናሽ ወንድሙ።»

ታናሽየው የወር ዕረፍቱን ጨርሶ የተመለሰው ትናንት ነው። በረንዳው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ነፍስ ይማር» አለችው። «ጠዋት ጠዋት ምን ይሠራ ነበር?»

«በባልዲ ውሃ ቀድቶ አሲድ ይጨምርበታል። ዓይኑ ደክሟል፤ የክሎሪን ዱቄት የነበረበትን ባልዲ አንስቶ ይሆናል። ተጠንቀቅ ብዬ ስንቴ ነግሬው መሰለዎት!»

ረፋዱ ላይ ሦስቱንም ገንዳው ዳር ሰበሰበቻቸው። ድምጿ ዝግ ያለ ነበር።

«ሰውየው በሩን ደብድቧል፤ በሩ ግን አልተበላሸም። ስለዚህ አንድ ሰው ከውጭ ይዞበታል። ባልዲው ውስጥ የቀረው ነጭ ዝቃጭ የክሎሪን ዱቄት ነው፤ ፈሳሹ እንዲህ ያለ ዝቃጭ አይተውም። አደጋ ማስመሰል የፈለገ ሰው ግን እዚሁ ያለውን ፈሳሽ ክሎሪን ይወስድ ነበር፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ያው ጋዝ ይወጣዋልና። ሥራ አስኪያጇ ዱቄቱ መቅረቱን ታውቃለች፤ ራሷ ናት የምትገዛው። አሰልጣኙም ያውቃል፤ ተጣልቶበታል። የማያውቀው ገንዳው ሲሞላ ያልነበረው ሰው ብቻ ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «ዱቄት ያልከኝ አንተ ነህ፤ እኔ አላነሳሁትም። የልብስ ሳጥንህ ውስጥም ግማሽ ጣሳ የክሎሪን ዱቄት ተገኝቷል።»

«ወንድሙን?» አለ አሰልጣኙ።

ታናሽየው ቀና አላለም። «ልጅቷ ስትሰምጥ ተኝቶ ነበር ብሎ ሊመሰክርብኝ ነበር። በእናታችን ለመንኩት። ‹ያቺም ልጅ እናት አላት› አለኝ።»

«በሩን የያዝከው አንተ መሆንህን አውቋል?»



«ስስል ሰማኝ። ልከፍትለት የመጣሁ መሰለው። ‹ወንድሜ፣ ጋዙ እንዳይገልህ አንተ ራቅ፣ ሰው ጥራልኝ› ይለኝ ነበር።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።